ግጥሙ የተገኘው ከማን ነው

አያ የሞተው ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን ነው። አያ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። እኛ ቤት ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም፤ በሕይወት እያለ ስሙን በአፌ ጠርቼ አላውቅም። ይህን መጀመሪያ ላይ የምናገረው፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር ሁሉ በስሙ የተነሳ ስለሆነ ነው።

ራሴን አመመኝ ብሎ ከሥራ መጣ። በሦስተኛው ቀን ወልድያ ሆስፒታል አረፈ። አስከሬኑን ይዘን ስንመለስ መኪናው ሮቢት ላይ ቆመ። ሾፌሩ ውሃ ሊገዛ ወረደ፤ ለኔም አንድ ገዛልኝ። ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ቀን አጥርቼ የማስታውሰው ያን ውሃ ነው። አላለቀስኩም። ለቅሶ የመጡ ሰዎች "ወንድ ነው፣ ችሎት ነው" ይሉ ነበር። ችዬው አልነበረም። የሚቻል ነገር ውስጤ አልነበረም።

አያ የመስኖ ጉድጓድ ፓምፕ ሠራተኛ ነበር። ከቆቦ ወጣ ብሎ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለማበት ሜዳ አለ፤ እዚያ ነው የሚውለው። ፓምፑን ያስነሳል፣ ያጠፋል፣ ዘይቱን ያያል። በተረፈው ሰዓት ግጥም ይጽፋል። የሚጽፈው በአማርኛ አይደለም። የአባታችን ወገኖች ድሮ በሚናገሩት በራያ ኦሮምኛ ነው።

ያን ቋንቋ ከሱ ሌላ እኛ ቤት የሚናገረው ሰው አልነበረም። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እማዬ የምታውቀው አማርኛ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ውሃ፣ ላም፣ ና፣ ሂድ፤ ከዚህ አያልፍም። አያ የተማረው ከአባታችን አክስት ነው። እሳቸው ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ መሄጃ ባለ መንደር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ "ከላሞቹ በላይ ነኝ" ይላሉ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ቋንቋውን ግን በዚያ አካባቢ እንደሳቸው የሚያውቅ የለም ይባላል። ሌሎቹ ቃል ቃል ነው የቀራቸው።

የአያ አሠራር እንዲህ ነበር። ሁለት ወይም ሦስት መስመር በቃሉ ይዞ ወደሳቸው ይሄዳል። ዳሱ ሥር ቁጭ ብሎ ይነግራቸዋል። አይጽፍም። በሳምንቱ ተመልሶ ይሄድና "እማማ፣ ያን ያልኩዎትን ነገር እስቲ ይበሉልኝ" ይላቸዋል። ያን ጊዜ ነው ደብተሩን የሚያወጣው። እሳቸው ያሉትን ይጽፋል። የረሱትን ይተወዋል። ቃል ቀይረው ከተናገሩ የሳቸውን ቃል ይወስዳል።

አንድ ቀን ባጃጄ ላይ ጭኜው ስንመለስ "ያንተን ለምን ትጥላለህ? ደክመህበታል እኮ" አልኩት።

"በሳምንት ከረሱት አልተዋጣልኝም ማለት ነዋ" አለኝ።

እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ባጃጅ እነዳ ነበር። አሁንም እሱኑ ነው የምሠራው። ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ጓደኞቼ ስለ አያ ይቀልዱ ነበር።

"ኧረ አያህ ለማን ነው የሚጽፈው? ለግመል ነው?" ይላል አንዱ።

"ግመሉማ አፋርኛ እንጂ መች ሌላ ይሰማል" ይላል ሌላው።

እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን ስቄያለሁ። ቤት ውስጥም አያ አንዳንዴ በዚያ ቋንቋ ሲያናግረኝ በአማርኛ እመልስለት ነበር። አይቆጣም። እሱም ወደ አማርኛ ይመለሳል።

አንድ ጊዜ ደብተሩን ይዞ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ሁለት ቦታ አሳየው። አንደኛው ቦታ ያሉት ሰዎች ጥሩ ስሜት አለው፣ ግን በአማርኛ ብትጽፈው አንባቢ ታገኛለህ አሉት። ሁለተኛው ቦታ ያሉት በኦሮምኛ የሚያሳትሙ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አሁን የምንጽፈው በላቲን ፊደል ነው፣ የናንተ አነጋገርም ከኛው ራቅ ብሏል፣ አንባቢው ይቸገራል አሉት። ሲመለስ ለእማዬ እየሳቀ ነው የነገራት።

"አንዱ ቤት አማርኛ አይደለም አለኝ፣ ሌላው ቤት ኦሮምኛችን አይደለም አለኝ። ምሳ ግን ሁለቱም ጋብዘውኛል።"

"ምን አበሉህ?" አለች እማዬ። እሷ የጠየቀችው ይህን ነው። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

የአርባው ሰደቃ ካለፈ በኋላ አንድ ሰው ቤታችን መጣ። ድሮ አስተማሪ ነበር፤ አሁን የባህል ሥራ ላይ ነው። አያን በትምህርት ቤት የግጥም ቀን ላይ ያውቀው ነበር። በሩ ላይ "ነፍስ ይማር" ብሎ ጀመረና እማዬን ሲያይ "አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ" አለ። ደግ ሰው ነው። ይህን የምለው በኋላ የሆነውን ስናገር ክፉ ሰው እንዳይመስል ነው።

የአካባቢው ጸሐፊዎች ሥራ በአንድ መጽሐፍ ሊወጣ እንደሆነ ነገረን። ከአያ ግጥሞች አንዱን ማስገባት ይፈልጋሉ። ወደ አማርኛ ተመልሶ።

"ዋናውስ?" አልኩት።

"ቦታ የለንም ወንድሜ። በዚያ ላይ የሚያነበው የለም።"

እማዬ "ስሙ ይወጣል?" አለችው።

"ስሙማ ይወጣል እንጂ እናቴ።"

ከዚያ ቀን በኋላ እማዬ ይህን ነው የያዘችው። ጎረቤት ሲመጣ "ስሙ በመጽሐፍ ሊወጣ ነው" ትላለች። ሌላ ስለሱ የምታወራው አልነበራትም። ልብሱን ለሰው ሰጥታለች። ጫማውን እኔ ነኝ የማደርገው።

ደብተሩን ይዤ ወደ አባታችን አክስት ሄድኩ። አያ የጻፈው በኛው ፊደል ስለሆነ ማንበብ እችላለሁ፤ ያነበብኩት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እሳቸው ደግሞ ማንበብ አይችሉም፤ ሲነበብላቸው ግን ሁሉም ይገባቸዋል። እኔ እየተንተባተብኩ አነባለሁ። እሳቸው ገና ሁለተኛ ቃል ላይ ስደርስ የቀረውን ራሳቸው ይጨርሱታል። ከዚያ በአማርኛ ይነግሩኛል፤ እጽፋለሁ። ሁለታችን ተደምረን አንድ አንባቢ ሆንን።

እሳቸው የመረጡት ስለ ውሃ የሚናገረውን ነው። እኛ አገር ሰማዩ ጠርቶ፣ አንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ደጋ ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ገበሬው ጠልፎ ማሳው ያስገባዋል። ያን ነው የጻፈው። ከሳቸው አፍ እየሰማሁ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ሆነ፦

ሰማዩ እዚህ ደረቅ ነው፣ ደመናም የለው።
ያላየሁት ዝናብ ማሳዬ ገባ።
የማን ደጅ ላይ ዘንቦ ነው? ማንን ላመስግን?
ሳያውቀኝ መጣ፤ ሳላውቀው ጠጣሁ።

ከዚህ ይረዝማል። በኔ አማርኛ ሲሆን እንደዚያ አይደለም። እሳቸው ሲሉት መጨረሻው ላይ ድምፅ አለው፣ እጃቸውም ይነሳል። ጨርሰን ደብተሩን ስዘጋ "የሚመጣው ሳምንት ትጠይቀኛለህ?" አሉኝ። ለምን እንደጠየቁ አልገባኝም። "አይ፣ አልቋል" አልኳቸው።

ለመጽሐፉ የሚሞላውን ቅጽ ያ ሰው ያመጣልኝ ተራ ላይ ቆሜ ነው። መሪው ላይ አድርጌ ሞላሁት። ሁለት ሰው ተሳፍሮ "ኧረ እንሂድ" እያሉ ነበር። ቅጹ ላይ ሦስት ጥያቄ ነበር። የአቅራቢው ስም፤ የኔን ጻፍኩ። ግጥሙ የተገኘው ከማን ነው፤ የአባታችንን አክስት ጻፍኩ፣ ቃል በቃል የነገሩኝ እሳቸው ናቸውና። ዕድሜ፤ ሰማንያ አልኩ። የገጣሚው ስም የሚል መስመር አልነበረበትም። ሰውየው ራሱ ቤታችን መጥቷል፣ የማን ግጥም እንደሆነ ያውቃል ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ማለት እንኳን ይበዛበታል። ፈረምኩና ተሳፋሪዎቹን ሆስፒታል በር አደረስኳቸው።

ለአማርኛ ግጥም የተዘጋጀው ቅጽ ሌላ እንደነበር፣ እሱ ላይ የገጣሚው ስም የሚል መስመር እንደነበረ፣ በኋላ ነው የሰማሁት።

መጽሐፉ ወራት ቆይቶ መጣ። ሁለት ቅጂ ሰጡኝ። ቤት ስገባ እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ "ስሙ የቱ ጋ ነው? ጣቴን አድርግልኝ" አለች።

ገጹን ገለጥኩ። ግጥሙ አለ። የኔ አማርኛ ነው፣ ትንሽ አስተካክለውታል። ከርዕሱ በታች "ከራያ አዛውንቶች የተሰበሰበ" ይላል። ሌላ ምንም የለም። ከፊት ያሉትን ገጾች አየሁ። በአማርኛ የጻፉት ሁሉ ስማቸው አለ፤ አንዳንዶቹ ፎቶም አላቸው። የአያ ያለው መጨረሻው ክፍል ውስጥ ነው፣ ከሠርግ ዘፈኖችና ከእንቆቅልሾች ጋር። ያልኖረ ሰው መሰለ።

እማዬ ጣቷን ዘርግታ ትጠብቃለች።

ጣቷን ይዤ "ከራያ አዛውንቶች የተሰበሰበ" የሚለው ላይ አደረግኩት። "ይኸው" አልኩ።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። "ረጅም ነው" አለች።

"ከነአባቱ ስም ነው" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ለመጣ ሰው ሁሉ መጽሐፉን ታሳያለች። ማንበብ የሚችሉትም ያያሉ፤ ቀና ብለው እኔን ያያሉ፤ ከዚያ "ማሻአላህ" ይላሉ። ማንም አልነገራትም። እኔ በዚያ ሰሞን ውጭ ማምሸት አበዛሁ፤ ቀንም ምሳ ውጭ መብላት ጀመርኩ።

ወደ ሰውየው ቢሮ ሄድኩ። ቅጹን ከፋይል አውጥቶ አሳየኝ። የኔ ጽሕፈት ነው። "እኔ ያቀበልኩት እንዳለ ነው" አለ። "ክፍል የከፋፈሉት ሌሎች ናቸው። እነሱ ያዩት ይህን ነው።"

"የሱ ግጥም እንደሆነ ግን አንተ ታውቃለህ።"

"መጻፉን አውቃለሁ። ደብተሩን አይቻለሁ። ግን ብዙ ቦታ እሱ ራሱ 'እማማ እንዳሉት' እያለ ጎኑ ላይ ጽፏል። ያሰባሰበው ይሁን የፈጠረው በምን ይለያል? ምስክር ካለህ አምጣ።"

ምስክር የአባታችን አክስት ናቸው። ሌላ ማን አለ።

በማግስቱ በባጃጅ አመጣኋቸው። ባጃጅ ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ጉድጓድ በዘለልን ቁጥር "ያ ረቢ" ይላሉ። ቢሮው ውስጥ ወንበር ሲሰጣቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

"እማማ፣ ይህን ግጥም ያውቁታል?" አላቸው ሰውየው።

"አውቀዋለሁ።"

"እስቲ ይበሉት።"

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጀመሩ። አንድ ቦታ እንኳን አልቆሙም። በሌላው ጠረጴዛ የነበሩት ሁለት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ይሰሙ ነበር። ሲጨርሱ አንደኛዋ "ኧረ እንዴት ያምራል" አለች።

ሰውየው ወደኔ ዘወር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይኸው ወንድሜ። ደብተር ሳያዩ። ይሄ የሕዝብ ነው።"

"ምን አለ?" አሉኝ እሳቸው።

ነገርኳቸው።

"አንተ ልጅ" አሉት ሰውየውን፣ "የኔ ቢሆንማ ስለ ላም ነበር የምለው። እኔ ስለ ውሃ ምን አውቄ? ልጁ ነው ያስቀራኝ፣ ያስጠናኝ። በየሳምንቱ እየመጣ እንደ ደረሳ ቁጭ አድርጎ ያስደግመኛል። ስሳሳት እንደ ሸህ ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ጭራሽ የኔን ስሕተት ይጽፈዋል። እንዲህ ያለ ሸህ አይተህ ታውቃለህ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሰውየውም ሳቀ። ከዚያ "ሁለተኛ ሲታተም እናየዋለን፤ ማመልከቻ ጻፍ" አለኝ። እዚያው ጻፍኩ። ማኅተም አደረገበት። ሁለተኛ አልታተመም።

መልስ መስጠት የነበረብኝ እዚያ ነበር። የመጣልኝ ግን መንገድ ላይ ነው። ከፊት ገጾች ካሉት የአማርኛ ግጥሞች አንዱን በቃሉ የያዘ ሰው ባመጣስ፣ ግጥሙ የዚያ ሰው ይሆናል ወይ? የሕዝብ ነው ተብሎ የጸሐፊው ስም ይነሳል ወይ? ይህን ባጃጁን እየነዳሁ ለራሴ ተናገርኩት። ሞተሩ ስለሚጮህ እሳቸው አልሰሙኝም።

መንደራቸው ስንደርስ ቶሎ አልወረዱም። "እንግዲህ አዲስ የለም ማለት ነው" አሉ። "በሳምንቱ የሚጠይቀኝ።"

ያኔ ነው ያ ጥያቄያቸው የገባኝ። "እኔ እመጣለሁ" አልኳቸው።

"አንተ አትችለውም።"

"አልችለውም።"

"ና ግን" አሉኝ።

ከዚያ አንድ ሳምንት ቆይቶ፣ መጽሐፉ መንገድ ዳር ላሉ ትምህርት ቤቶች እንደታደለ ሰማሁ። መጀመሪያ ቆቦ ያለው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ቅጂው አለ። ገጹን አውጥቼ እስክሪብቶዬን ሳወጣ ጠባቂው መምህር ደረሰብኝ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው።

"ወንድም፣ መጽሐፍ ላይ አይጻፍም።"

"የጎደለ ነገር አለ" አልኩት።

ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሳልዘጋጅ ነገርኩት፤ ብዙ ቦታ ተደናቅፌ። እሱ ገጹን አነበበ፣ ሽፋኑን ገልብጦ አየ፣ መልሶ አነበበ።

"እርሳስ እንዳይሆን" አለኝ። "ልጆቹ ያጠፉታል።"

"ከራያ አዛውንቶች የተሰበሰበ" የሚለውን ሰርዤ ከሥሩ የአያን ስም ከነአባቱ ጻፍኩ። እጄ ጽፎት አያውቅም ነበር፤ ያኔ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ሮቢት ሄድኩ። ከዚያ ጎብዬ፤ ጎብዬ ቁልፍ ያዡ ስላልነበረ በሌላ ቀን ተመለስኩ። ሦስት መጽሐፍ ነው። ሌሎቹ የት እንዳሉ አላውቅም። እዚህ ወረቀት ላይ ስሙን ያልጻፍኩት አሁንም በስሙ መጥራት ስለማልችል ነው። የሚፈልግ ሰው እነዚያ ሦስት ቦታዎች ላይ ያገኘዋል፤ ሰማያዊ ቀለም ነው።

መጨረሻ ላይ የቤቱን ቅጂ አወጣሁ። እማዬ ውጭ ነበረች። ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጻፍኩት፤ ወረቀቱ ቀጭን ስለሆነ በጀርባው ይወጣል። ስትገባ "ነይ እስቲ እማዬ፣ ጣትሽን" አልኳት።

"አሳይተኸኝ የለ?"

"ነይ።"

መጣች። ጣቷን ይዤ ስሙ ላይ አደረግኩት። ቀስ ብላ ሄደችበት። ሲያልቅ ቆመች፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

"አጠረ" አለች።

ገጹን በእጄ ደግፌ ያዝኩላት።

"ይሄኛው ጎድጎድ ይላል። ያን ቀን ልስልስ ነበር።"

ስለ ቅጹ፣ ስለ ተሳፋሪዎቹ፣ ስለ ሁሉም ልነግራት እችል ነበር። ገና በእጄ የነበረውን እስክሪብቶ ኪሴ ከተትኩት።

"ያንተ እጅ ነው?"

"አዎ።"

"ተጭነህ ነው የጻፍከው? እንዳይለቅ።"

"ተጭኜ ነው።"

ጣቷን አላነሳችም።